ሁሉን ዜና «አስደንጋጭ» አትበሉብን

ይድረስ ለተከበሩት የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የሎተሪ ዕጣ ስለወጣላቸው አዛውንት የጻፋችሁትን አነበብኩ። ታሪኩ ደስ ይላል። ርዕሱ ግን «የሚሊዮኖች ዱብ ዕዳ» ይላል፤ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዱብ ዕዳ እኮ ዕዳ ነው፤ ሳይበደሩ የሚከፍሉት፣ ከላይ ዱብ ብሎ ጫንቃ ላይ የሚያርፍ መከራ። ለእኚህ ሰው የደረሳቸው ሲሳይ ነው፣ ያውም ያልታሰበ ሲሳይ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከማዋለጃ ክፍል በር እየወጣሁ ለሚጠባበቁ ሰዎች ያልጠበቁትንም የጠበቁትንም ስነግር ኖሬአለሁ። በሩ ሲከፈት ሁሉም አፍ አፌን ያያል። የመጀመሪያዋ ቃል ደግ ይሁን ክፉ ካላሳወቀቻቸው የሚቀጥለውን አይሰሙም። ስለዚህ ገና እግሬ ከደጃፉ ሳያልፍ «የምሥራች!» እላለሁ። ከአያቶቹ አንዷ ብድግ ብላ «ምሥር ብዪ!» ስትለኝ ያን ጊዜ ወንድ ነው፣ ሴት ናት፣ ሦስት ኪሎ ይመዝናል ብል ይሰማኛል። የምሥራች ማለት በር ከፋች ቃል ነው፤ መልሱ እንኳ አብሮት የተሰፋ ነው።

ይህን ቃል አንድ ጊዜ ዘልየዋለሁ። አንዲት ሴት ልጅ መወለዷን ለአባትየው ነግሬው፣ ተመስገን ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ማንም ያላሰባት ሁለተኛ ልጅ መጣች። ከደስታዬ ብዛት በሩን በርግጄ ወጣሁና «ይምጡ! ቶሎ ይምጡ!» አልኩት። ሰውየው ክው አለ። ከንፈሩ በአንድ አፍታ ደረቀ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «መንታ ናቸው፣ እናታቸውም ደኅና ናት» ብዬ ደጋግሜ ብነግረው አይሰማኝም። በኋላ «ጆሮዬ ጭው ብሎ ነበር፣ ሚስቴ የሞተች መስሎኝ» አለኝ። ከተወለዱት ልጆች ይልቅ የዚያ ሰው ፊት ነው እስከ ዛሬ የማይረሳኝ።

ክቡር አዘጋጅ፣ አማርኛችን ለድንጋጤ እንኳ ልክ አበጅቶለታል። ስልክ ድንገት ሲጮህ ሰው ደንገጥ ይላል። ከኋላው በር በኃይል ሲዘጋ ድንግጥ ይላል። የተኛ ሰው ሲቀሰቅሱት በርግጎ ይነሣል። ክው የሚለው ግን ደም የሚያደርቅ ነገር የሰማ ሰው ነው፤ እሱ አይጮኽም፣ አይንቀሳቀስም። በደንገጥና በድንግጥ መካከል ያለው ልዩነት አናባቢ ብቻ ነው፤ ልጅ እንኳ ሳይማረው ያውቀዋል።

እናንተ ግን በዚያው እትም «አስደንጋጭ» የሚለውን ቃል አራት ቦታ አስገብታችሁታል፤ ቆጥሬዋለሁ። የአሠልጣኙ ስንብት አስደንጋጭ፣ የዘፋኟ ሠርግ አስደንጋጭ፣ የዋጋው ለውጥ አስደንጋጭ፣ በመጨረሻም ሰዎች የሞቱበት ጎርፍ አስደንጋጭ። ስንብቱ ያልተጠበቀ ነው። ሠርጉ ቢበዛ ያስገርማል። ዋጋውን ተዉት፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ጎርፉ ግን መርዶ ነበር፤ እሱ ጋ ስደርስ ቃሉ በእጄ ላይ አልቆ አገኘሁት።

ቃል እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። ግሩም በግእዝ የሚያስፈራ ማለት ነው። ዛሬ ጥሩ ነው ለማለት እንጠራዋለን፤ ከዚያው ሥር የወጣው አስገራሚም ፍርሃቱ ለቆታል። ለዚህ ግን ብዙ ዘመን ፈጅቷል። አስደንጋጭን እኛ በሕይወት እያለን ልንጨርሰው ነው። ሰበር ዜናም እንደዚሁ ነው፤ ጠዋት የተነገረ ስብሰባ ማታ ሰበር ተብሎ ሲመጣ አይቻለሁ።

መርዶም ይዤ የምወጣው በዚያው በር ነው። ያን ጊዜ ቆሜ አልናገርም፤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ የሚደግፋቸው ሰው መኖሩን አያለሁ። አስደንጋጭ ነገር ልነግርዎት ነው ብዬ ጀምሬ አላውቅም። መርዶ የደረሰው ሰው ተረዳ ይባላል፣ ነገር የገባው ሰውም ተረዳ ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸው ሥራዬን አስተምሮኛል። ሰውየው እንዲገባው አድርጎ መንገር ነው፣ ማስበርገግ አይደለም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው እትም የእኚያን አዛውንት ርዕስ «ያልታሰበ ሲሳይ» ብላችሁ አርሙላቸው። ልጆቻቸው ገጹን ቆርጠው ሊያስቀምጡት ይችላሉ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ