አባባ፣ ካርዴ አላለቀም ነበር

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሚጡ ሁለተኛው ጥርስ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አስቸገረች፣ እኛ ያለነው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ በመጨረሻ አባቷ ይዟት ወረደና የጥበቃዎቹ ቤት ቆርቆሮ ላይ አስወረወራት። ማንበብም ጀምራለች። የታክሲ ታፔላ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። እርስዎም በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለዩ ሰሞን የማዳበሪያ ከረጢት ሳይቀር ያነቡ ነበር አሉ። እማማ ነፍሷን ይማርና እሷ ናት ያጫወተችኝ።

መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው? እህቴ "ሲሻላቸው ይተውታል" ትላለች። ደም ግፊት እኮ አይሰማም አባባ። ተሻለኝ ብለው የተዉት ቀን ነው የሚጥለው።

ሰኞ ማታ የደወልኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ስለ መድኃኒቱ ጠየቅኩ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ፣ ላሟ ወለደች ወይ አልኩ። ከዚያ "ካርዴ ሊያልቅ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ካርዴ አላለቀም ነበር።

ጀርመን ልሄድ ነው። ለ18 ወር።

"ደግሞ ትምህርት?" እንደሚሉ አውቃለሁ። ትምህርት አይደለም፣ እሱን ጨርሻለሁ። ፌሎሺፕ ይሉታል፣ የምርምር ሥራ ነው። የሚከፍለው ቦን ከተማ ያለ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የሚባል ድርጅት ነው። ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰነዱ ተሟልቶ ይገባል፣ ኮሚቴው በዓመት ሦስት ጊዜ እየተሰበሰበ ይመርጣል። ከባዱ እዚያ ያለ አንድ ፕሮፌሰር "እኔ ጋ ትምጣ" ብሎ እንዲጽፍ ማድረጉ ነው። ለ14 ሰዎች ጻፍኩ። የመለሱልኝ ሦስት፣ እሺ ያለኝ አንድ። ፕሮፖዛሉን ሚጡ ከተኛች በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ መብራት ሲሄድ በስልኬ እያበራሁ። ከዚያ ስድስት ወር ጠበቅኩ። ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ አመልክቼ አልተሳካም፣ እሱን አልነገርኩዎትም።

የማጠናው ዋግ ነው፣ ያ የስንዴ በሽታ። የግንድ ዋግ።

ኅዳር 2006ን መቼም አይረሱትም። በ2003 ቢጫ ዋግ ስንዴውን ከጨረሰው ወዲህ ሁሉም ሰው ዲጋሉ የሚባለውን የስንዴ ዘር ዘርቶ ነበር፣ ዲጋሉ ቢጫውን ይችላል ተብሎ። ይችልም ነበር። እረፍት ላይ ሆኜ ሮቤ መጥቼ ማሳ ሄድን። እርስዎ ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ። ስንወጣ ሱሪዎት እስከ ጉልበትዎ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ ነበር። አገዳውን በሁለት ጣትዎ ጨብጠው ወደ ላይ ሳብ አደረጉና ጣትዎን አዩት። ቀይ። ምንም አላሉም። ሱሪዎት ላይ ጠረጉት። ኮምባይነሩ ተመልሶ ሄደ፣ በማሳው ከብት ተለቀቀበት።

ያን በጋ ሙሉ "ቀድሜ ረጭቼ ቢሆን" ይሉ ነበር። አሁን ሥራዬ ስለሆነ ልንገርዎት። ያ ዋግ አዲስ ዝርያ ነበር። ዲጋሉን ጥሎ ስላለፈ ተመራማሪዎቹ "የዲጋሉ ዝርያ" ብለው ጠሩት። ብናኙን ነፋስ ይዞት ነው የሚመጣው፣ አገር አቋርጦ ይሄዳል። ባሌም አርሲም ተመታ እኮ። የእርስዎ ስንፍና አልነበረም። ይህን ከዓመታት በፊት ልነግርዎት ይገባ ነበር፣ ለምን እንዳልነገርኩዎት ከታች እጽፈዋለሁ።

ጀርመን ውስጥ ጋተርስሌበን የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። እዚያ ያለው የዘር ባንክ ከ150 ሺህ በላይ የዘር ናሙና በብርድ ያስቀምጣል፣ ከእኛ አገር የሄደም አለበት። ከድሮ ስንዴ ውስጥ ዋግን የሚችለውን መለየት፣ ለምን እንደቻለ ማወቅ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።

ገንዘቡን አያስቡ። በየወሩ ይከፍሉኛል፣ ባሌና ሚጡ ከሦስት ወር በላይ አብረውኝ ከቆዩ ለእነሱም ይጨምራሉ። የቸገረኝ ከመድረሴ በፊት ያለው ነው። እዚያ ቤት ሲከራዩ አከራዩ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ማስያዣ መጠየቅ ይችላል፣ ሕጉ ይፈቅድለታል፣ ያውም በዩሮ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ብር ግማሽ እንኳ አልሆነልኝም። ዕቁብተኞቹን ለምኜ ዕጣውን ቀድመው ሰጡኝ። የእማማን ሀብል አልነካሁም። ያለበት አለ።

ደግሞ ዋስ ተባልኩ። መሥሪያ ቤቴ ተመልሼ እንዳገለግል ውል ያስፈርማል፣ ለውሉ ዋስ ይፈልጋል። ይቺን ቃል ስጽፍ እጄ ቆመ።

በ2007 ለማስተርስ ውጭ ተቀብለውኝ ነበር። ያኔም ዋስ አሉኝ። የቤቱን ካርታ ይዘው እንዲመጡልኝ ለመንኩ። በረንዳው ላይ ሆነው "ቤቴን ለወረቀት አላስይዝም" አሉኝ። የማዳበሪያው ዕዳ አልተከፈለም፣ ማሳው ገና ከዓይንዎት አልጠፋም፣ ይህ ይገባኛል። ዕድሉ አለፈ፣ እኔም ዝም አልኩ። የማልረሳው የሚቀጥለውን ዓመት ነው። ታናሼ ዓረብ አገር ካልሄድኩ ሲል ያንኑ ካርታ ለአበዳሪው ሰጡ። ቡና እያፈላሁ ነበር። ረከቦቱ ጋ ቁጭ ብዬ ካርታው ከፌስታሉ ሲወጣ አየሁት። ሦስተኛውን ቀድቼ ለሁላችሁም አደልኩ።

የእሱ ነገር እንዴት እንዳለቀ አልጽፍም። ዕዳውን ማን እንደጨረሰውም ያውቃሉ። ግን አባባ፣ ለእሱ የወጣው ካርታ ለእኔ ለምን አልወጣም? ነገ ባል ታገባለች ብለው ነው? ሄዳ የማትመለስ መስሎዎት ነው? ስለ ዋጉ ያልነገርኩዎትም ለዚህ ነው። "ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም" ለማለት አፌን ስከፍት ያ ፌስታል ይመጣብኛል።

አሁን ቤቱን አልጠይቅም። ሁለት ባልደረቦቼ ፈርመውልኛል፣ አንዷ ራሷ ቤት የላትም፣ በደሞዟ ነው የገባችልኝ።

ዋስ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ እቀር ነበርና እፎይ እል ነበር መሰለኝ። ይህን ለባሌም አልነገርኩትም። እማማ ስታርፍ እኔ ናዝሬት ነበርኩ፣ የአንድ ቀን መንገድ፣ እሱንም አልደረስኩም፣ ድንኳኑ ተተክሎ ነው ያገኘሁት። አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። 18 ወር ለሚጡ ሦስት አራት ጥርስ ነው። ለእርስዎ ግን እንጃ።

የጤና መድህኑን መዋጮ ለእህቴ ልኬላታለሁ፣ መታወቂያው ሳይታደስ እንዳይቀር። ዓይንዎትን ጎባ ሆስፒታል ይታዩ፣ ሲያነቡ ወረቀቱን የሚያርቁት መነጽሩ አልመች ብሎዎት ይሆናል። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ማታ ካደረጉት ይረሱታል። ስልኩንም ከኪስዎት አይለዩት፣ እዚያ ሆኜ ሁለቴ ደውዬ ካላነሱ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በፊት የማላውቀው አሁን ግን የማውቀው አንድ ነገር አለ፣ ሚጡን ልጄን "አትሄጂም" የምልበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል። ይህን የምጽፈው በደሉን ላቀልልዎት ብዬ አይደለም። አሁንም ያመኛል።

ቅዳሜ ሚጡን ይዤ እመጣለሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ብንነሳም ማታ ነው የምንደርሰው፣ በር ላይ ቆመው እንዳይጠብቁን፣ ብርድ ነው። ይህን አንብበው ከሆነ ደብዳቤው ላይ መነጽርዎትን ያስቀምጡበት፣ እኔ አይቼ አውቃለሁ፣ የዚያን ማታ ምንም ማለት የለብዎትም። ካላነበቡት ደግሞ እሁድ ከቁርስ በኋላ በረንዳው ላይ እኔ አነብልዎታለሁ።