ያቺ ነጭ ጠርዝ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ዝምታው በረዘመ ቁጥር ብዕር ማንሳቱ ስለከበደኝ ነው። ይቅር በለኝ። በጣም ናፍቀኸኛል።

ትናንት ማታ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ስፈትሽ አብረን የጀመርነውን የዴስክቶፕ ቲም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ገጽታ የሚቀይረውን የአይከንና የቀለም ስብስብ፣ አገኘሁት። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 መስታወት የመሰለውን የመስኮት ጠርዝ ይዞ ሲመጣ ሁለታችንም ያበድንበት ጊዜ ነበር። አይከኖቹም ጽሑፍ የሚያርፍበት ጥቁር ፓነልም እንዳሉ አሉ። ጥቁር ዎልፔፐር ላይ ስጭነው ያቺ ነጭ ጠርዝም አለች! በየአይከኑ ዙሪያ እንደ ቀጭን ክር የምትታየዋ። ስንት ሌሊት አስመሽታናለች? በማጥፊያ እንፍቃታለን፣ አይከኑን ስናሳንሰው ተመልሳ ትመጣለች።

አሁን ምክንያቷ ገብቶኛል። እንድጽፍልህ የገፋፋኝም ይኸው ነው። በሠራንባቸው የፒኤንጂ ምስሎች እያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሌላ አራተኛ ቁጥር አለው፤ አልፋ። 0 ከሆነ ፒክስሉ አይታይም፤ 255 ከሆነ ድፍን ነው። ታዲያ አልፋው 0 የሆነ ፒክስልም ቀለሙን እንደያዘ ሊቀመጥ ይችላል። እኛ ነጭ ላይ ስለን ነጩን ስናነሳው፣ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። ምስሉ ሲያንስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ያሉ ፒክስሎችን አደባልቆ አማካያቸውን ይወስዳል። ያን ጊዜ የተደበቀው ነጭ ሾልኮ ይወጣል። ስንፍቅ የኖርነው ጥላዋን ነበር፤ እሷ ከሥር ነበረች።

የተደበቁትን ፒክስሎች በአይከኑ በራሱ የጠርዝ ቀለም ሞላኋቸው። ጠፋች! ሌላም መንገድ አለ፤ ከማሳነስ በፊት ቀለሙን በአልፋው ማባዛት፤ በ0 ሲባዛ የተደበቀው ነጭ ዜሮ ይሆናል። ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ ምስልን በምስል ላይ ስለመደረብ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ የተጠቀሙት ይህንኑ ነው። ፒኤንጂ ግን ቀለሙን ሳያባዛ ስለሚያስቀምጥ ማባዛቱ የፕሮግራሙ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ካላደረገው የእኔው መንገድ ያዋጣል።

ስለ ፓነሉ ደግሞ ልክ ነበርክ። እኔ በጣም አሳላፊ ይሁን ብዬ ሙጭጭ አልኩ፤ አንተ ጽሑፉ አይነበብም አልከኝ። አሁን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ጥቁሩን ፓነል 40 በመቶ ብቻ ድፍን አድርገን ነጭ ዎልፔፐር ላይ ስናሳርፈው የሚወጣው ግራጫ፣ 0 ጥቁር 255 ነጭ በሆነበት መለኪያ፣ 153 ነው። ነጭ ጽሑፍ በዚያ ላይ ያለው ንጽጽር፣ ማለትም የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት፣ 2.85 ለ1 ገደማ ነው። ለተራ ጽሑፍ የሚመከረው ዝቅተኛው 4.5 ለ1 ነው። 70 በመቶ ብናደርገው ግን ከ8 ለ1 በላይ ይሆናል። ከኋላው ያለውን ማደብዘዝም ብቻውን አያድነንም፤ ዝርዝሩን ያለሰልሳል እንጂ ነጭ ዎልፔፐር ነጭ ነው።

አሳላፊነት ቦታው ጥላና ጠርዝ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አልፋው ቀስ እያለ የሚከስም ለስላሳ ጥላ የትኛውም ዎልፔፐር ላይ ያምራል። በጂአይኤፍ የምስል ዓይነት የሞከርነው ጥላ ያን ያህል ያስጠላው ለዚህ ነው፤ እዚያ ፒክስል ወይ አለ ወይ የለም፣ መሃል የሚባል ነገር አያውቅም።

ፎልደሩን ልኬልሃለሁ። ፓነሉን 70 አድርጌዋለሁ፤ የአይከኖቹንም ጠርዝ አንድ በአንድ አስተካክያለሁ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ግን አልነካሁትም። እሱን የሳልከው አንተ ነህ፤ ጥላው አሁንም ወደ ግራ ነው፣ የሌሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ። ሆን ብለህ ነው ወይስ ሳታየው ቀርተህ? ጻፍልኝ።

ያንተው ወንድምህ