«ማታ ዋጡት፣ ጠዋት ይወጣል» ላላችሁት

ክቡር አዘጋጅ፣

በሐኪም ትእዛዝ ስለሚወሰዱ የአለርጂ መድኃኒቶች ካወጣችሁት ዘገባ አብዛኛው ልክ ነው። መድኃኒቱ ተወስዶ መኪና እንደማይነዳ፣ ከአልኮል ጋርም እንደማይደባለቅ ጽፋችኋል። ስለ ሃይድሮክሲዚን የሰፈረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን ታናድደኛለች፦ «ማታ ከተወሰደ ጠዋት ከሰውነት ስለሚወጣ አያሰጋም»። ማንን ነው የማያሰጋው?

ይህ መድኃኒት ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ በጎልማሳ ሰው 20 ሰዓት ገደማ፣ በአረጋውያን ደግሞ 29 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እንግዲህ አንድ አዛውንት ማታ የዋጡት ኪኒን በማግስቱ ማታ ሌላው ሲጨመርበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገና አልወጣም። ለጥቂት ቀናት ሲደራረብ ምን እንደሚሆን አስቡት። ይህን ለማስላት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ፋርማሲስት ደውሎ መጠየቅ ግን የጋዜጠኛ ሥራ ነበር።

አባቴ የፕሮስቴት እብጠት አለባቸው። ማሳከክ አስቸግሯቸው መድኃኒቱ ሲታዘዝላቸው «ሽንት ይቸግርዎታል ወይ?» ያላቸው ሰው የለም፤ ሌላ ምን እንደሚወስዱም አልተጠየቁም። ብዙም ሳይቆይ አፋቸው ይደርቅ፣ ቀኑን ሙሉ ይጫጫናቸው፣ እኔንም በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩኝ ጀመር። ዘመድ ሁሉ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ፈረደባቸው። ይህን ስሰማ የገባኝን ንዴት ዛሬም አልረሳሁትም። በመጨረሻ ሽንታቸው ጭራሽ ተዘግቶ በቱቦ ወጣላቸው። ሐኪም መድኃኒቱን ሲያስቆምላቸው ግን አእምሯቸው ተመለሰ። አላረጁም ነበር፤ ተመርዘው ነበር ማለት ይቀለኛል።

ነገሩ ያልታወቀ ምስጢርም አይደለም። እንደ ሃይድሮክሲዚንና ፕሮሜታዚን ያሉት ቀደምት መድኃኒቶች አለርጂ የሚቀሰቅሰውን ሂስታሚን የተባለ የሰውነት ኬሚካል ብቻ አይደለም የሚያግዱት፤ ወደ አንጎል ዘልቀው ይገባሉ፣ ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሥራም ያውካሉ። የሽንት ፊኛ የሚኮማተረው፣ አንጀት የሚንቀሳቀሰው፣ ማስታወስም የሚረዳው በዚሁ አሴቲልኮሊን ነው። ስለዚህ የፕሮስቴት እብጠት ያለበት ሽንቱ ሊዘጋ፣ አንዳንድ የግላኮማ ሕመምተኛ የዓይኑ ግፊት በድንገት ሊጨምር፣ አዛውንት ደግሞ ሊቃዡና ሊወድቁ ይችላሉ። ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን የሚዘረዝረው የቢርስ መስፈርት እነዚህን በግልጽ አስፍሯቸዋል። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ደግሞ የልብ ምት መዛባትን በመፍራት እ.ኤ.አ. በ2015 ሃይድሮክሲዚን ለአረጋውያን እንደማይመከር፣ የግድ ከሆነም በቀን ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ለጎልማሶች ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 100 ሚሊግራም ነው። እናንተ ለሁሉም አንድ ምክር ሰጣችሁ።

በዘገባችሁ ውስጥ አረጋዊ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ተማሪው አለ፣ ሠራተኛው አለ፣ ሾፌሩ አለ። አምስትና ስድስት ዓይነት ኪኒን በአንድ ላይ የሚውጡት ወላጆቻችንና እነሱን የምናስታምም ልጆች ግን የለንም። ጋዜጣችሁን ከዳር እስከ ዳር የሚያነቡት እኮ እነሱ ናቸው፤ በጋዜጣ የተጻፈን ነገርም ያምናሉ።

የምጠይቀው ውስጥ ገጽ ላይ ተደብቆ የሚወጣ የሁለት መስመር እርምት አይደለም። ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን ጻፉት። የፕሮስቴት፣ የግላኮማ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይናገር በሉ። የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ ይዞ ይሂድ በሉ። እንደ ሎራታዲን ያሉ ወደ አንጎል እምብዛም የማይገቡ አማራጮች እንዳሉም ሐኪሙን ይጠይቅ። አንድ አዛውንት ይህን መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ በድንገት ከተቃዡ ወይም ሽንት ከከለከላቸው፣ እርጅና ነው ተብሎ ቤት እንዳይቀመጡ፣ በዚያው ቀን ሕክምና ይውሰዷቸው ብላችሁ ጻፉ።

አባቱን የሚያስታምም አንባቢያችሁ