የታሪክ ክበብ ሚኒ ሚዲያ ላይ የዋለበት ዓመት

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር ገጥሞ ሠራ። ሐሙስ ሐሙስ በረፍት ሰዓት አጭር ዝግጅት ነበረን። መጀመሪያ ላይ ሰሚ አልነበረንም። ልጆቹ ከመማሪያ መጽሐፉ ገልብጠው ያነባሉ፤ ሳምቡሳ የሚጠብቀው ሰልፍ ዞር ብሎም አያይም።

እናም ምሁራን ለሕዝብ ሲጽፉ እንዴት እንደሚያደርጉት እንይ ተባባልን። የመረጥነው የታሪክ ምሁሩን ሪቻርድ ፓንክረስትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበሩ። ዳጎስ ዳጎስ ያሉ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ግን አዲስ ትሪቢዩን ጋዜጣ ላይም ለማንኛውም አንባቢ ይጽፉ ነበር። ነገሩ የእናት ውርስ ሳይሆን አይቀርም። ሲልቪያ ፓንክረስት ጣሊያን በወረረን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ እንግሊዝ አገር ሆነው ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ያቋቋሙ ሴት ናቸው።

ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው የአክሱም ሐውልት ጉዳይ ነው። የፋሺስት ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ወሰደው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልስ ፈረመች፤ ከዚያ ዝም። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሌሎች ምሁራን ጉዳዩ እንዳይረሳ ጻፉ፣ ወተወቱ። የመጀመሪያው ቁራጭ አክሱም የደረሰው ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በእርግጥ ሐውልቱን የመለሰው የጋዜጣ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ግን ምሁራኑ እርስ በርስ ብቻ ሲያወሩ ቢኖሩ ኖሮ ማን ይጠይቅ ነበር?

የሐውልቱን ዝግጅት የጻፈችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የመጀመሪያው ረቂቋ «አባቶቻችን ሐውልቶቹን በዝሆን እየጎተቱ አመጧቸው» ይላል። ከየት አገኘሽው? ከዩቲዩብ። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ዝሆኑ ይቅር»፣ ገሚሱ «ዝሆኑ ከወጣማ ማን ይሰማናል!» አለ። ሁለተኞቹ የዋዛ አልነበሩም፤ ሳምቡሳውን ያውቁታል።

የተረጋገጠውን ለየን። ድንጋዩ የተፈለጠው ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ጎበድራ ኮረብታ ነው። ለመፈልፈያ ተሰልፈው የተቦረቦሩት ቀዳዳዎች አሁንም አለቱ ላይ አሉ። ወድቆ የሚታየው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ያን ሁሉ እንዴት አጓጓዙት? ዝሆን የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ግን ግምት ነው።

ልጅቷ ዝሆኑን አላወጣችውም። «ዝሆን ነው የሚሉ አሉ፤ ያየ ግን የለም። እናንተ ብትሆኑ 500 ቶን በምን ትጎትቱ ነበር?» ብላ አነበበችው። ያን ቀን ሰልፉ ውስጥ ክርክር ተነሳ፤ አንዱ በግንድ አንከባልለዋለሁ ይላል፣ ሌላው አቀበቱንስ ይለዋል። ፊዚክስ መምህራችን ሳይቀሩ ገቡበት። እኔ በበኩሌ የዓመቱ ምርጥ ዝግጅታችን የምለው እሱን ነው።

ሌሎቹ ዝግጅቶች ደህና ነበሩ። ስለ ቅኔ የሠራነው ግን ረዝሞ ደወል በላው።

ለመጪው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ጋብዘን ድምፃቸውን ለመቅዳት አስበናል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለን፦ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይናገሩም። ለዚህም መቅረጸ ድምፅና የማይሰነጥቅ ስፒከር ያስፈልገናል፤ የወላጅ ኮሚቴው አደራ።