ዘሀራ፣ ልጠይቀው?

ድሬዳዋ፣ ግንቦት መጨረሻ

ውድ ዘሀራ፣

ደህና ነሽ ወይ? ይህን ያህል ጊዜ ዝም በማለቴ ይቅርታ። አንቺም ዝም ብለሻልና ሂሳቡ እኩል ነው፤ ቀድሜ የጻፍኩት ግን እኔ ስለሆንኩ ከዛሬ ጀምሮ ባለዕዳዋ አንቺ ነሽ። ለዐረፋ እናትሽ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጉልበታቸውን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ናቸው። ሳምቡሳውን እየደጋገሙ ሲያቀርቡልኝ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከልጄ ጋር ተኳርፋችኋል እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ በጭራሽ» አልኩ። እሳቸውም አላመኑኝም፣ እኔም ራሴን አላመንኩም።

የልጆቹንና የቤቱን ወሬ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ሁሉም እንደምታውቂው ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከምታውቂው ይብሳል። የምጽፍልሽ ጉዳይ ኖሮኝ ነው። ፊት ለፊት ለመናገር ስለከበደኝ ከዳር ልጀምር።

ኤሲሲኤ ተመዝግቤአለሁ፤ ያው የእንግሊዞቹ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር።

ሳቂ፤ እጠብቅሻለሁ። በቀትር፣ የከዚራ ሰፈር ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ አንቺ መጽሐፍ ይዘሽ ስትቀመጪ «ሰው አንድ ዲግሪ አይበቃውም?» እያለች ስታሾፍብሽ የነበረችው ሴትዮ፣ አሁን ልጆቿ ከተኙ በኋላ ስለ ኪራይ ውል ሂሳብ አያያዝ ታነባለች። መሥሪያ ቤት ማንም አያውቅም። ባለቤቴ ያውቃል፤ እርሱም «ደሞዝ ይጨምራል ወይ?» ከማለት በቀር አስተያየት አልሰጠም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካችን አዲስ ባለድርሻ ሊያስገባ ነው፤ በስምምነቱ ረቂቅ ውስጥ «የፋይናንስ ኃላፊው ዕውቅና ያለው የሙያ ማኅበር አባል ይሆናል» የሚል አንቀጽ አለ። ረቂቁን በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከወንበሬ የሚያስነሣኝን ዓረፍተ ነገር በገዛ ጣቶቼ መትቼ፣ አራት ነጥቡን አስተካክዬ፣ አትሜ ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ጊዜ አለሽ፣ ግቢበት» ብለውኛል። ጊዜው ስንት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንቀጹስ ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ይታይ ነበር። ባንኮቹና ትልልቆቹ የመንግሥት ድርጅቶች ከሐምሌ 2009 ጀምሮ ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ወደ አይኤፍአርኤስ ሲገቡ እኛ «ለኛ ገና ነው» እያልን ሻይ በወተት እንጠጣ ነበር።

ምዝገባው ከፈራሁት ይቀላል። በኢንተርኔት ነው፤ ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ ፓስፖርቱንና ፎቶውን ታስገቢያለሽ፣ በፓውንድ ትከፍያለሽ፣ መልሱን ትጠብቂያለሽ። ይህን ለአንቺ መንገሬ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው፤ ግን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝምና ታገሺኝ። ከ13ቱ ፈተናዎች እስከ 9 ድረስ ነፃ ሊያደርጉሽ ይችላሉ፤ የመጨረሻዎቹን 4 ግን ማንም አይዘላቸውም። ትራንስክሪፕቴን አይተው ከጠበቅሁት በላይ ቸሩኝ። (ነፃ የሚባለውም በነፃ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ይከፈልበታል። ይህን ስም ያወጣው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።) ሁሉንም ልቀበል ስል ቆም አልኩና ከፋይናንስ ሪፖርቲንጉ ፈተና ነፃ መሆን አልፈልግም፣ ተቀምጬ እፈተነዋለሁ አልኩ። እኔና አንቺ የተማርነው በአሜሪካኖቹ መጽሐፍ ነው፤ አይኤፍአርኤስ የሚባለውን ያወቅሁት ከሥልጠና ወረቀትና ከኦዲተር ንትርክ ነው። ያንን ሳይፈተኑ ዘልሎ የመጨረሻው እርከን ላይ ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሪፖርቲንግ የሚባለው ፈተና ፊት መቀመጥ ለእኔ ድፍረት ነው። ተሳስቼ ከሆነ አሁን ንገሪኝ፤ ከከፈልኩ በኋላ «እኔማ ልነግርሽ ነበር» እንዳትዪ።

የታክሱን ፈተና ደግሞ አልማሩኝም። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008ን ከነአንቀጹ የምወጣዋ ሴትዮ የእንግሊዝን የግብር እርከን ልሸመድድ ነው፤ የኢትዮጵያ የሚባል አማራጭ የለውምና። የእንግሊዝ ሠራተኛ ግብሩ በትክክል እንዲቆረጥለት ድሬዳዋ ላይ የምትጨነቅ ሴት እንዳለች ቢያውቅ ሰላምታ ይልክልኝ ነበር።

የፈተናው ጊዜ ሌላ ጣጣ ነው። በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ በፈረንጆቹ መጋቢት፣ ሰኔ፣ መስከረምና ታኅሣሥ። ወደ እኛ ስትመልሺው መስከረሙ ጳጉሜን አካባቢ ይወድቃል። ሰኔ 30 ዓመቱ ተዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 ግብር የሚያስታውቅ ፋብሪካ ያላት ሒሳብ ሠራተኛ ጳጉሜን ላይ ስሟን ብታስታውስ ትልቅ ነገር ነው። ታኅሣሡ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ነው፤ እርሱም ከጥቅምት 30 ትንፋሽ ሳትወስጂ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለእኛ ለአገሬው ሰዎች የሚሆኑት የየካቲቱና የግንቦቱ፣ ማለትም የፈረንጆቹ መጋቢትና ሰኔ፣ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዬን ለየካቲት አስቤአለሁ።

ስለ ገንዘቡ ባልጽፍ ይሻል ነበር፣ ግን ካልጻፍኩ ያንቀኛል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ፓውንድ ሲባል ሆዴ ይረበሻል። የፋብሪካውን የምንዛሪ ልዩነት በምንዛሪው ስታንዳርድ፣ በአይኤኤስ 21 መሠረት አስልቼ «ኪሳራ» ብዬ መዝግቤ እዘጋዋለሁ፤ የገዛ ቦርሳዬን ኪሳራ የት እንደምመዘግበው ግን ስታንዳርዱ አይናገርም። ዓመታዊው መዋጮ ደግሞ ብትፈተኚም ባትፈተኚም ይጠየቃል። ቀድሞ ለተመዘገበ የፈተናው ክፍያ ዝቅ ስለሚል ቢያንስ በእርሱ እንኳ ሰነፍ ላለመሆን ወስኛለሁ።

ግን ዘሀራ፣ እንቅልፍ የነሣኝ ፈተናው አይደለም፣ ገንዘቡም አይደለም። ፈተናው 50 ካመጡ የሚታለፍ ነው፤ ቢወደቅም ተመልሶ ይሞከራል። ከመጨረሻው እርከን አንዱን ካለፉ በኋላ መቁጠር የሚጀምረው፣ የእርከኑን ቀሪ ፈተናዎች መጨረሻ የሰባት ዓመት ገደብም ገና ሩቅ ነው። እንቅልፍ የነሣኝ 36 ወሩ ነው።

ታውቂዋለሽ፤ 36 ወር የሥራ ልምድ፣ በላዩ 9 የአፈጻጸም ግቦች፣ 5ቱ የግድ፣ 4ቱ በምርጫ። እያንዳንዱን የሠራሽውን እየጠቀስሽ በራስሽ ቃል ትጽፊያለሽ፤ ሥራሽን የሚያውቅና ራሱ የሙያው አባል የሆነ ሰው ይፈርምበታል። ከመመዝገብ በፊት የተሠራውም ይቆጠራል። ይህን ሳነብ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እኔ እኮ አሥር ዓመት ካለፈኝ ቆየሁ! ከዚያ «ማን ይፈርማል?» የሚለው ላይ ደረስኩ።

ሥራ አስኪያጁ ያውቁኛል፤ ግን መሐንዲስ ናቸው። በሥራው ላይ መቆየቴን ይፈርሙልኛል፣ ግቦቹን ግን አይችሉም። ከእኔ በላይ ሌላ የሂሳብ ሰው የለም። ከእኔ በታች ያሉት ከእኔው የተማሩ ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ስዘጋ፣ ሳስታርቅ፣ ሳርም ኖሬ፣ ትክክል ነበረች ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው አጣሁ። አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ይህ አይገባሽም፤ እዚያ በየፎቁ አንድ አባል አይጠፋም። እዚህ ከተማ ፈተናውን ማለፍ ሳይሆን ያየሽን ሰው ማግኘት ነው ከባዱ።

መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነበር፤ አልዋሽሽም። ደግሞ ተውኩት። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ሥራዬን ግን ከሄድሽ ወዲህ አላየሽውም። ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኝ ነበር፤ እሺ ብትዪኝ ደግሞ እኔ አዝንብሽ ነበር። የሥነ ምግባር ሞጁሉን ገና አልጀመርኩትም፣ ይህን ለማወቅ ግን ሞጁል አያስፈልገኝም።

ደንቡ ሌላ በር ትቷል። አለቃሽ የሙያው ሰው ካልሆነ፣ ከድርጅቱ ጋር የሥራ ግንኙነት ያለውና ሥራሽን የሚያውቅ የውጭ ሰው፣ ለምሳሌ አማካሪ ወይም የውጭ ኦዲተር፣ ግቦቹን ሊፈርም ይችላል። የእኛ የውጭ ኦዲተር ደግሞ...

እርሱ ነው።

አዎ፣ እርሱ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ አንቺም አያስፈልግሽም። የእኛን ሂሳብ መመርመር ከጀመረ ቆይቷል፤ አልነገርኩሽም። ልነግርሽ ስልክ አንሥቼ መልሼ አስቀምጬ አውቃለሁ። የዝምታዬ ግማሹ እርሱ ነበር ብልሽ ውሸት አይሆንም፤ ስንደዋወል ደብቄሽ ማውራት አልችልበትም፣ ነግሬሽ ደግሞ ድምፅሽ ሲለወጥ መስማት አልፈለግኩም። ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ይህ ደስ ካሰኘሽ። አረንጓዴ እስክሪብቶውንና ቫውቸር ሲያገላብጥ ጉሮሮውን መጥረጉን ግን አልተወም። ባለፈው ጊዜ «የመለዋወጫ ዕቃዎቹ ዋጋ ዝቅ ብሎ መያዝ አለበት» ብሎ፣ እኔ «አይገባም፣ ገና ይሠራባቸዋል» ብዬ፣ በዚያ በመጋዘኑ ሙቀት ላባችን እየወረደ ስንከራከር ዋልን። በመጨረሻ ግማሹን እርሱ፣ ግማሹን እኔ አሸነፍን። ቦርሳውን አንሥቶ ሲወጣ ዞር ብሎ «ሰነድሽ ግን ንጹሕ ነው» አለኝ። በዚህ ከተማ ስለ ሥራዬ ከሙያው ሰው የሰማሁት ምስክርነት ያ ብቻ ነው። ሥራዬን የሚያውቅ ከተባለ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስህተቴን ሲፈልግ ነው የሚውለው።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ።

የመጀመሪያው የሙያ ነው፤ በአንቺ መስክ። እኔ ያዘጋጀሁትን ሂሳብ የሚመረምር ሰው ስለ እኔ ብቃት ሲፈርም የኦዲተር ነፃነቱ አይነካበትም ወይ? ደንቡ ይፈቅዳል፤ የሚሠራበት ድርጅትስ ምን ይላል? በእናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? እርሱ ይህን ጠቅሶ እምቢ ቢለኝ አልቀየመውም። እንዲያውም ተገቢ እምቢታ መሆኑን ቀድሜ ባውቅ ይቀለኛል፤ ሰው እምቢ ሲለኝ ፊቴ ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂያለሽ።

ሁለተኛው... ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በመጣ ቁጥር «ጓደኛሽ እንዴት ናት?» ይለኛል። «ደህና ናት» እለዋለሁ። ከዚያ ስለ ባንክ ማስታረቂያው እናወራለን። ከዚህ ያለፈ ተናግሬ አላውቅም፤ እመኚኝ። እሺ ካለኝ ግን ነገሩ በአንድ ፊርማ አያልቅም፤ የምጽፈውን ያነባል፣ ይጠይቀኛል፣ ይመልስልኛል፣ እንደገና እጽፋለሁ። እስከማልቅ ድረስ በስልኬም በጠረጴዛዬም ይኖራል። አንቺ ስትደውዪልኝ ስሙ መነሣቱ አይቀርም። አንቺ ከእኔ የምትጠብቂውን ሳላውቅ ይህን ማድረግ አልፈልግም። ያኔ የሆነውን መጠየቅ ይቅርብኝ፤ ያኔም አልጠየቅኩሽም። ቅር የሚልሽ ከሆነ «ተይው» በዪኝ፣ ይበቃኛል። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ ሐረርም ቢሆን እወጣለሁ።

«ጠይቂው» ካልሽኝ ደግሞ ሰኔ 30 ለንብረት ቆጠራው ይመጣል። ያን ቀን መጋዘን ውስጥ ሁላችንም ላብ ስለሆንን ማንም የማንንም ፊት አያነብም፤ ለእኔ ምቹ ቀን ነው። መልስሽ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

ለየካቲቱ ፈተና አዲስ አበባ መምጣቴ አይቀርም፤ ያን ሳምንት አንቺ ዘንድ ነኝ፣ ፍራሹን አዘጋጂ። ማታ ማታ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች እየሰጠሽ ትፈትኚኛለሽ፤ እኔ ደግሞ የሙቀት አገር ሰው ነኝና ብርድ ልብሱን ሁሉ እወስዳለሁ። ስልኬ ያው ነው። ከማታው ሁለት ሰዓት በኋላ ደውዪ፤ በቀትር ከደወልሽ ግን ተኝቼ ነው የማነሣውና የምናገረውን አትመኚ።

ያንቺው
ሂሩት

ማስታወሻ፦ የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሷል። ዲግሪ ሳይያዝም ከመሠረታዊው የፋውንዴሽን እርከን ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት እንደሚቻል ከየት እንደሰማ እንጃ፣ «አክስቴ፣ አብረን እንመዝገብ» እያለ ነው። ስልክሽን ስጪኝ ብሎኛል። ቢደውልልሽ ሁሉንም ንገሪው፤ ብቻ ከእኔ ቀድሞ የሚጨርስበትን መንገድ አትንገሪው።