የኮምፒውተር ክበብ፦ «ቲቸር፣ 16 የት ገባ?»

ዘንድሮ ክበባችን የከረመው በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ባሉት ቁልፎች ላይ ነው። ምክንያቱ መብራት ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ መብራት ድርግም ካለ የሁለት ሰዓት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ሥራን ወደ ፍላሽ የሚገለብጠው የሊኑክስ (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት) ትዕዛዝ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ልጆቹ መጻፉ ይሰለቻቸውና ይተዉታል። በአንድ ቁልፍ ከሆነ ግን ማን ይሰንፋል?

መጀመሪያ ቁልፉ ራሱ ምን እንደሚልክ እንይ አልኳቸው። ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፍተው የሚቀጥለውን ቁልፍ ኮድ እንዲያሳይ ኮንትሮል ቪ ተጫኑ፣ ከዚያ ኤፍ 5ን ነኩ። ስክሪኑ ላይ ^[[15~ ወጣ። የኮምፒውተር ክፍሉ ጸጥ አለ። ቁልፉ የሚልከው ይህችኑ ነው፣ ትርጉም የምንሰጣት እኛ ነን። ኤፍ 6ን ሲሞክሩ ^[[17~ መጣ፤ ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ 16 የት ገባ?»

የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ ወጣው ቪቲ220 ተርሚናል ይወስደናል፤ ያኔ ተርሚናል ማለት ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው መሣሪያ ነበር። በዚያ ኪቦርድ ላይ በኤፍ 5 እና በኤፍ 6 መካከል ክፍት ቦታ አለ፣ ቁጥሩም እዚያው ላይ ይዘላል። በኤፍ 10 እና በኤፍ 11 መካከልም እንዲሁ፣ ከ21 ወደ 23። ያን ጊዜም ቢሆን ሰው ከሺፍት ጋር በሚጫናቸው ቁልፎች ላይ የራሱን ትዕዛዝ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ ለሁሉም ቁልፎች በድምሩ የተሰጠው ቦታ 256 ባይት፣ ማለትም ወደ 256 የእንግሊዝኛ ፊደል የሚይዝ ብቻ ነው።

ከዚያ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚጻፍበትን ኢንፑትአርሲ የሚባለውን ፋይል ከፍተን በአንድ መስመር የኤፍ 5ን ኮድና ወደ ፍላሽ የሚገለብጠውን ትዕዛዝ አገናኘን። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ ብዙዎቹ «ጠፋብን» ብለው ጠርተውኛል። ኤፍ 1 እና ኤፍ 11 አልሠሩልንም፣ የተርሚናሉ መስኮት ለእርዳታና ለሙሉ ስክሪን ቀድሞ ይወስዳቸዋል። ፋይል የሚያጠፋውን ትዕዛዝ በሌላ ቁልፍ ላይ ስናስቀምጥ ደግሞ መጨረሻው ላይ ኢንተር አላስገባንም። ቁልፉ ሲነካ ትዕዛዙ ተጽፎ ይቆማል፣ ልጁ አንብቦ ራሱ ኢንተር ይላል። ይህን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ በጣም ኮርቼባቸዋለሁ።

ግንቦት ላይ መብራት ሄደ። ኤፍ 5ን ተጭኖ የነበረ ልጅ በኋላ ፍላሹን ሲከፍት ፋይሉ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ፊቱን አይቼ አዘንኩ። ሊኑክስ የተገለበጠውን መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ይይዝና ቆይቶ ነው ፍላሹ ላይ የሚጽፈው። በማግስቱ ሁሉም መስመራቸው ላይ ሲንክ የሚለውን ትዕዛዝ ጨመሩ፤ ጽፈህ ሳትጨርስ አትመለስ ማለት ነው።

ያለ መስኮት በሚከፈተው ጥቁር ኮንሶል ላይ ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 5 ያሉት ሌላ ኮድ ስለሚልኩ የጻፍነው እዚያ አይሠራም። መስከረም ላይ የምንጀምረው ከዚያ ነው።