ራሳችንን ከማን ነው የምንገዛው?

የመንፈሳዊ ሥነ ምግባር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ርእሱ የእኔ አይደለም። የአንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጥቅምት ላይ የገላትያን መልእክት ምዕራፍ 5 እያነበብን ነበር። የመንፈስ ፍሬዎች ዝርዝር በፍቅር ይጀምርና «ራስን መግዛት» ላይ ያልቃል። ልጁ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ራሳችንን ከማን ነው የምንገዛው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ግን እየቀለደ አልነበረም። ለእሱ መግዛት ማለት ሱቅ ሄዶ፣ ብር ከፍሎ፣ ዳቦ ይዞ መምጣት ነው። እኔ ስለ ንጉሥና ስለ ግዛት ላብራራ ጉሮሮዬን ስጠርግ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ቀደመችኝ። «ከቲክቶክ!» አለች።

ከእሷ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የክበባችን መግባቢያ ሆነ። ልጆቹ ሐሙስ ሐሙስ 9፡30 ላይ ሲገናኙ «ራስህን ገዛህ?» ይባባላሉ። «ገና ነው፤ በዱቤ ነኝ» ይላል ሳምንቱ ያልቀናው።

አሁን ወደ መስከረም ልመለስ። ዓመቱን ስንጀምር 38 ተማሪዎች ተመዘገቡ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ የመጡት ለባጁ ነው። ክበባችን ባለፉት ዓመታት የዩኒት ሊደሩ ዓይን ነበር። አባል የሆነ ልጅ ባጅ ያደርጋል፤ መምህር በሌለበት ክፍል ፊት ለፊት ቆሞ ስም ይጽፋል። ይህን መጽሔት የሚያነብ ወላጅ ሁሉ ነገሩን ከራሱ ልጅነት ያውቀዋል። ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሽ» ተብሎ ይጻፋል። ከሥሩ ይሰመርበታል። ከዚያ ስም በስም ላይ ይደረደራል። ደግሞ ያወራ ኤክስ ይጨመርበታል። ስም ጸሐፊው ሲያወራ ግን የሚጽፈው የለም።

ኅዳር ላይ አንድ ነገር ደረስኩበት። ስም በማስቲካ ይሰረዛል። ሁለት ኤክስ ያለበት ደግሞ ብስኩት ይጠየቃል። የሥነ ምግባር ክበብ ነን እያልን ልጆቹን ጉቦ አለማመድናቸው። ይህን አሠራር ሁለት ዓመት ሙሉ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ፊርማዬም አለበት።

ብስኩት ካነሣሁ አይቀር፣ ሐሳቤን የለወጠው ሌላ ብስኩት ነው። ጾመ ነቢያት ገብቷል። በዕረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል መስኮት አጠገብ ቆሜያለሁ። ለአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ጓደኛው ብስኩት ሰጠው። ልጁ መጠቅለያውን ገለበጠና ደቃቁን ጽሑፍ ማንበብ ያዘ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ወተት አለው» ብሎ መለሰለት። ምሳ ገና ነው፤ እንደራበው ፊቱ ይናገራል። ያዘዘው የለም። እኔ እያየሁት እንደሆነም አያውቅም።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ግን ይኸው ልጅ ከሰልፍ በፊት ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሂሳብ የቤት ሥራ ሲገለብጥ አይቼዋለሁ። ጠርቼ ጠየቅኩት። አላፈረም፣ አልተቆጣም። «ቲቸር፣ ያኛው ጾም ነው፤ ይሄ የቤት ሥራ ነው» አለኝ።

መልሱን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እኛ ልጆቹ ላይ ጠባቂ የምናቆመው ራሳቸውን መግዛት አይችሉም ብለን ነው። እነሱ ግን ረቡዕና ዓርብን ያለ ጠባቂ ይይዛሉ። 55 ቀን ዐቢይ ጾምን የሚዘልቁ አሉ፤ እናት ሥራ ላይ፣ አባት ሥራ ላይ፣ ፍሪጁ ክፍት። ራስን መግዛቱን ያውቁበታል። እኛ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲደርሱ በር ላይ አስቀምጠውት እንዲገቡ አድርገናቸዋል። የቤት ሥራውን ለእኛ ብቻ የሚሠሩት ነገር አድርገንባቸዋል፤ እኛ ደግሞ እንታለላለን። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ስለ መታዘዝ ሲጽፍ «ለታይታ» የምትል ቃል አለች። በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራነው ስለዚህች ቃል ነው። ማን ለታይታ ምን እንደሚያደርግ ልጆቹ ሲዘረዝሩ መምህራንንም አልማሩም። ዳይሬክተሩ ሲያልፉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማስተማር የሚጀምረው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስም አልጠራም።

ጥር መጨረሻ ላይ የስም መጻፊያ ደብተሩን ዘጋነው። ባጁንም ሰበሰብን። በሁለት ሳምንት ውስጥ 14 አባላት ጥለውን ወጡ። ጫጫታውም ጨመረ፤ ይህን ሳልደብቅ ልጻፍ። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ተማረሩብኝ። አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ እንጂ ግረፉልኝ» አሉ። የቀድሞ ሰው አነጋገር ነው፤ ፍቅርም አለበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን እንደከለከለ ነገርኳቸው። «ታዲያ በምን ሊፈራ ነው?» አሉኝ። ሻይ ጋበዝኳቸው እንጂ አላሳመንኳቸውም።

የካቲት ላይ ትንቢተ ዳንኤልን ከፈትን። የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይህ ነበር። እነ ዳንኤል ከአገራቸው ተማርከው ባቢሎን ገብተዋል። በዛሬ ቋንቋ አዳሪ ተማሪዎች ናቸው። የባዕድ ቋንቋ ይማራሉ፤ ስማቸው ተቀይሯል፤ ምግባቸው ከንጉሡ ማዕድ ይመጣል። ዳንኤል በዚህ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ አሰበ። ግን ሳህን አልወረወረም፤ አልተሳደበም። ኃላፊውን በትሕትና ለመነ፤ 10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ እየሰጣችሁ ሞክሩን አለ።

እዚህ ላይ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ አቆመችኝ። «ታዲያ ይሄ መታዘዝ ነው ወይስ እምቢታ?» ቀጠለችና ምዕራፍ 3ን አመጣች። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል 60 ክንድ ለሚሆነው የወርቅ ምስል አንሰግድም ብለው እሳት ውስጥ ገብተዋል። ሠለስቱ ደቂቅ እምቢተኞች ናቸው ማለት ነው? «ልጆች ለወላጆቻችሁ በጌታ ታዘዙ» የሚለው የኤፌሶን ቃልስ? ሌላው ልጅ «በጌታ ይላል እኮ» ብሎ ቃሉን ያዘ። ሁለት ሐሙስ ፈጀብን።

እኔ መምህር ነኝና ለመታዘዝ አደላለሁ። ግን ዝም ብሎ የሚታዘዝ ልጅ ያስፈራኛል። ሁሉን «እሺ» የሚል ልጅ ለክፉ ሰውም «እሺ» ይላል። ስለዚህ አንድ ነገር ላይ ተስማማንና በትልቁ ጽፈን ለጠፍን፦ «ለእናትህ እንዳትናገር» የሚል ትልቅ ሰው ቢያዝህ አትታዘዝ፤ ለእናትህ ንገር። መምህርም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ አገልጋይም ቢሆን። ወላጆች ይህን ቤት ውስጥ ደግማችሁ ንገሩልን።

ከዚያ የራሳችንን 10 ቀን ጀመርን። ከየካቲት 24፣ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ። ሕጉ አጭር ነበር። እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ይመርጣል፤ ማንም አይቆጣጠረውም፤ የማይፈልግ አይናገርም። የፕሮቴስታንት ልጆችም አሉንና ጉዳዩን ከምግብ ጋር አላያያዝነውም።

አንዷ የመረጠችው እናቷ ስትጠራት በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ማለትን ነው። «ወዬ» አይደለም፣ «መጣሁ» ብሎ መቅረትም አይደለም፤ አቤት ብሎ መነሣት ነው። በአምስተኛው ቀን እናትየው ደነገጡና ትምህርት ቤት መጡ። «ልጄ ምን ሆናለች? ያጠፋችው ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። ነገርኳቸውና ሳቁ። ቀጥለው ደግሞ እንባ መጣባቸው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የብስኩቱ ልጅ የሂሳብ የቤት ሥራውን ራሱ ለመሥራት ወሰነ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ከ10 አሥር ነበር የሚያገኘው። አሁን 4 አገኘ። ይባስ ብሎ «ሰነፍክ» ተባለ። ደብተሩን ይዞልኝ መጣ። ቀዩን እስክሪብቶ እያሳየኝ «ሁሉም የራሴ ነው» አለ፤ ስህተቱን ሁሉ። ሂሳብ መምህሩ ዘንድ ሄጄ አስረዳሁ። እሳቸውም «ታዲያ ቀድሞ ያረምኩት የማንን ነበር?» ብለው ዝም አሉ። አሁን በምሳ ሰዓት 15 ደቂቃ ያስጠኑታል። በዓመቱ መጨረሻ ማርኩ ብዙም አልጨመረም። የልጁ ድካም ግን ካርድ ላይ አይወጣም።

ከስልክ ጋር የታገሉት አብዛኞቹ ተሸነፉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ያለቀው። ስለዚህ ብዙ የምጽፈው የለኝም።

የቅዱስ ያሬድ በዓል ግንቦት 11 ሰኞ ዋለ። እኛ ሐሙስ ስንሰበሰብ በጎጃም ቅኔ ቤት የተማሩ አንድ መሪጌታ ጋበዝን። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ እንደለመኑ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እንዴት እንደተፋለሙ አወሩ። ልጆቹ የውሻውን ብቻ እንዲደግሙላቸው ይፈልጋሉ። አንዱ ግን «ሌሊት ለትምህርት ማን ይቀሰቅሳችሁ ነበር?» አላቸው። «የሚቀሰቅስ አልነበረም» አሉ መሪጌታው። «የኔታ ከሁላችንም በፊት ይነሡ ነበር። እሳቸው ተነሥተው እንዴት ይተኛል?» እኔ በዚያ ቀን 10 ደቂቃ አርፍጄ ነበር የገባሁት። እንግዳውን በር ላይ የተቀበሏቸው ልጆቹ ናቸው።

ቀጥሎ የያሬድን ታሪክ ነገሩን። ገድሉ እንደሚለው ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባህ አለው። አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ገረፈው፤ ያሬድም ጠፋ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲል ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ወጣ። ያሬድ ተመለሰ፤ መምህሩን ይቅርታ ጠየቀ፤ ተማረ። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን የምንሰማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ከእሱ የመጣ ነው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የ5ኛ ክፍሉ ልጅ፣ ያው ጠያቂው፣ «አለንጋው አባረረው፤ ትሉ መለሰው ማለት ነው?» ሲል ግን ገና የሰማሁት መሰለኝ። መሪጌታው «ወይ ልጄ!» ብለው ራሱን ዳበሱት።

ሰኔ ከባድ ነበር። በፋይናል ፈተና ከክበቡ የሥራ አስፈጻሚ አባላት አንዱ አጤሬራ ይዞ ተገኘ። ትምህርት ቤቱ በደንቡ መሠረት ፈተናውን ዜሮ አደረገበት። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነበር። ክበቡ ውስጥ ይቆይ ወይስ ይውጣ? ልጆቹ ተከራከሩ። «እኛን አዋረደን» ያሉ ነበሩ። «እሱ ያልመጣ ማን ይምጣ?» ያሉም ነበሩ። ድምፅ ተሰጠ፤ ይቆይ ተባለ። ሁለት አባላት ተቆጥተው ወጡ። አንዷ ተመለሰች፤ አንዱ እስካሁን አልተመለሰም። እሱም ከጎበዞቻችን አንዱ ነበር። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ በሙሉ አፌ መናገር አልችልም።

ዓመቱን የጨረስነው 23 ሆነን ነው። ባጅ የለንም። ለመጪው ዓመት መመዝገብ የሚፈልግ ሐሙስ 9፡30 ቤተ መጻሕፍት ይምጣ። 10 ቀኑንም ከጥቅምት ጀምሮ በየተርሙ አንዴ ልናደርገው አስበናል። ስልክን በተመለከተ ሐሳብ ያለው ወላጅ ቢኖር እባካችሁ ብቅ በሉ፤ በእኛ በኩል አልተቻለም።

የመጨረሻው ሐሙስ ደግሞ ዝናብ ነበር። እየሮጥኩ ገባሁ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ አንዳቸውም ቀና አይሉም፤ ሳቃቸውን ይዘውታል። ሰሌዳው ጥግ ላይ ያች የድሮዋ ቃል ተጽፋለች፤ ከሥሯም ተሰምሮባታል።

ረባሽ
1. ቲቸር (7 ደቂቃ) ኤክስ

ዳስተሩን አነሣሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩትና ተቀመጥኩ።